ፊደል ምሥጢር አለውን? በነአኩቶ ለአብ ደጅ የተነሣ ክርክር

ከላሊበላ ከተማ ወጥቶ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከገደሉ ሥር፣ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ከተሠራው ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበውን ውሃ ከሥሩ የተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ካህናቱም ጠበል ብለው ለመጣው ሁሉ ያድሉታል። ስለ ውሃው፣ ስለ ብራና መጻሕፍቱና ስለ መስቀሎቹ ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ አንደግመውም። ለዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት የሆነን በደጁ ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም አንድ ልጅ ነው።

ልጁ ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት ዓመት አይበልጥም። መዝሙር 118 ላይ ደርሶ ስለ ነበር በየስምንቱ ቍጥር መጀመሪያ ድምፁን ከፍ እያደረገ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ይጠራል። አብሮን የሄደ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ሁለት ዓመት የሆነው አንድ ወጣት ሹም ጠጋ ብሎ «አሌፍ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው። «ፊደል ነው» አለ ልጁ። «የማን ፊደል?» «የዕብራይስጥ።» «ዕብራይስጥ ታውቃለህ እንዴ?» «አላውቅም፤ የኔታ ግን ዝለለው አላሉኝም።» ጓደኛችን ሳቀ። በግድግዳው ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ አዛውንት መነኵሴ ቀና ብለው «አይ ልጄ፣ ሰውስ ቢሆን በስሙ ሲጠሩት አይደል የሚዞረው» አሉት። እርሱም «ይቅር ይበሉኝ አባ» ብሎ ዝም አለ። እውነተኛው ክርክር የተጀመረው ግን በመመለሻው መንገድ ላይ ነው።

የጓደኛችን አሳብ ይህ ነበር። ልጁ ሊያነበው የማይችለውን የባዕድ ፊደል ስም ሲያጠና ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል፤ ይህም ነገር ከክታብና ከአውደ ነገሥት ጋር ከአንድ ከረጢት የወጣ ነው፤ ፊደል እንደ ማረሻ ያለ መሣሪያ ስለሆነ፣ የማረሻን ምሥጢር የሚጠይቅ ገበሬ እንደሌለ ሁሉ የፊደልንም ምሥጢር መጠየቅ አይገባም፤ ይልቁንስ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ቀንሶ ሥራን ማቃለል ይሻላል። አነጋገሩ የብዙ ወጣቶች አነጋገር ስለሆነና ከፊሉም እውነት ስለሆነ በቸልታ ልናልፈው አልፈለግንም።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። መዝሙር 118 በዕብራይስጥ የተገጠመው በፊደል ተራ ነው። ፊደሎቹ 22 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ስምንቱም ቍጥሮች በዚያው ፊደል ይጀምራሉ። 22 ጊዜ ስምንት 176 ስለሆነ ከመዝሙሮች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። የኤርምያስም ሰቆቃው ከምዕራፎቹ አብዛኞቹ በዚሁ ሥርዐት የተሠሩ ናቸው። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ሲመለስ የመነሻ ፊደሎቹ ተራ እንደሚጠፋ የታወቀ ነው፤ የእኛ አባቶች ግን የፊደሎቹን ስም በየክፍሉ ራስ ላይ ጽፈው አስቀሩት። ቤቱ ቢፈርስ የማዕዘኑ ምልክት እንዳይጠፋ ካስማ እንደ መትከል ያለ ነው። ስለዚህ የላስታው ልጅ አሌፍ ብሎ ሲጠራ ያልገባውን ነገር በከንቱ መደጋገሙ አይደለም፤ የመዝሙሩን አሠራር በአፉ ይዞ ማቈየቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንጨምር። በአገራችን የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪታቸውን ያነብቡ የነበረው በግዕዝ ነው። ዣክ ፋይትሎቪች በፈረንጅ አቈጣጠር በ1904 ወደ እነርሱ መጥቶ ከውጭው የአይሁድ ዓለም ጋር ማገናኘት እስኪጀምር ድረስ የዕብራይስጥን ፊደል አያውቁም ነበር። እንግዲህ የዕብራውያን ፊደል ስም በኢትዮጵያ ምድር በየዕለቱ ይጠራ የነበረው በክርስቲያን ልጆች አፍ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አይሁድ ሊቃውንት እንሻገር። በእነርሱ ዘንድ የፊደል ስም ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ይተረጐማል። በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደሎቹን እንዴት እንደ ተረጐሙ የሚናገር ክፍል አለ። ጊሜል ማለት ቸር ሰጪ ነው፤ ዳሌት ማለት ድኻ ነው። የጊሜል እግር ወደ ዳሌት የተዘረጋው ቸር ሰው ድኻውን ሮጦ መፈለግ ስለሚገባው ነው። ዳሌት ደግሞ ፊቷን ከጊሜል ያዞረችው ድኻው እንዳያፍር ምጽዋቱ በስውር ይሰጠው ዘንድ ነው። ሄ የምትባለዋ ፊደል ከታች ክፍት ሆና የተሠራችው መውጣት የፈለገ እንዲወጣ ነው፤ ከላይ በጐንዋ የቀረችው ቀዳዳ ግን በንስሓ ለሚመለሰው በር ናት። የኦሪት መጽሐፍ የሚጀምረው በቤት ነው፤ ቤትም በሦስት ወገን ተዘግታ ወደ ፊት ብቻ ክፍት ስለሆነች፣ ሰው ከላይና ከታች፣ ከፍጥረትም በፊት ምን ነበረ ብሎ አይመርምር ሲሉ አስተማሩባት።

ስለ ምጽዋቱ የተናገሩትን ትርጓሜ እኛ በጣም ወደድነው። ድኻን ሳያሳፍሩ መስጠት ተብሎ በስብከት ቢነገር በማግስቱ ይረሳል፤ ልጅ ፊደል ሲቈጥር ከተማረው ግን በጻፈ ቍጥር ያስታውሰዋል። እዚህ ላይ የፊደሉ ቅርጽ ምስክር ወይም ማስረጃ ሳይሆን የትምህርት ማንጠልጠያ ነው። ሰዎቹም በዚህ ቢቆሙ ማንም ባልተቃወማቸው ነበር።

ነገር ግን አልቆሙም። መጽሐፈ ይጺራ ወይም መጽሐፈ ፍጥረት የተባለው ትንሽ ድርሰት እግዚአብሔር ዓለምን የሠራው በ22ቱ ፊደሎች ነው ይላል፤ ሦስቱን እናቶች፣ ሰባቱን ድርብ፣ ዐሥራ ሁለቱን ነጠላ ብሎ ይከፍላቸዋል። ከዚህ በኋላ በ13ኛው መቶ ዓመት በስፔን ነገሩ እጅግ ሰፋ። ላስታን ያቀኑት የዛጔ ነገሥታት ዘመናቸው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1270 ሲያልፍ፣ በዚያው ትውልድ በስፔን ዞሐር የተባለው የምሥጢር መጽሐፍ ታየ። በእርሱም ውስጥ ፊደሎቹ ከመጨረሻይቱ ጀምረው እየቀረቡ «ዓለምን በእኔ ፍጠር» እያሉ ፈጣሪን ሲለምኑ ይተረካል። በ1240 የተወለደው አብርሃም አቡላፊያ ደግሞ ፊደልን ከፊደል እያቀያየረ በመጻፍና በማሰላሰል ነፍስን ወደ ላይ ማንሣት ይቻላል ብሎ አስተማረ። አሌፍን ሁለት ዮድና አንድ ዋው አድርገው ፈትተው፣ ዐሥር ከዐሥር ከስድስት ጋር ሲደመር 26 ስለሚመጣ የአምላክን ስም ቍጥር አገኘን ያሉም አሉ።

እንግዲህ ጓደኛችን ሊሰማው የሚገባ አንድ የታሪክ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ዛሬ የዕብራይስጥ የሚባለው አራት ማዕዘን ጽሕፈት የጥንቱ የዕብራውያን ጽሕፈት አይደለም፤ ከባቢሎን ምርኮ በኋላ ከአራማውያን የተወሰደ ነው። የጥንቱን ዐይነት ይዘው የቀሩት ሳምራውያን ናቸው። የታልሙድ ሊቃውንት ራሳቸው ጽሕፈቱ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም ብለው ተከራክረውበታል። ቅርጹ የተለወጠ ከሆነ በቅርጹ ላይ የተሠራው ምሥጢር ሁሉ ምን ይሆናል? ዳሌት በንጉሥ ዳዊት ዘመን ሌላ መልክ ነበራት፤ ከጊሜልም ፊቷን አታዞርም ነበር።

ይህም ብቻ አይደለም። የጥንቱን የሴማውያን ፊደል መልክ በአንዳንድ ቦታ ከዛሬው ዕብራይስጥ ይልቅ የያዘው የእኛ ግዕዝ ነው። ግዕዝ የመጣው ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈት ነው፤ ያም ከከነዓናውያን ጽሕፈት ጋር ከአንድ ግንድ የበቀለ ነው። ዐ ክብ ናት፤ ስሟም ዐይን ነው፤ የዐይን ብሌን ሥዕል መሆኗን ሕፃን ያያል። የዕብራይስጡ ዐይን ግን ሁለት ቅርንጫፍ ያላት እንጨት መስላለች። በ ሁለት ግድግዳና ጣራ ናት፤ በሩ ከታች ነው። የመጨረሻይቱን የዕብራይስጥ ፊደል ታውን ደግሞ እንመልከት። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 9 የበፍታ ልብስ የለበሰው ሰው በሚያዝኑት ሰዎች ግንባር ላይ ምልክት እንዲያደርግ ታዟል፤ በዕብራይስጡ ምልክት የተባለው ቃል ታው ነው። በጥንቱ ጽሕፈት ታው መስቀለኛ ነበረች። ዛሬ የዕብራይስጥ ጸሐፊ ታውን ሲጽፍ መስቀሉ አይታይም፤ የላስታው ልጅ ግን ተ ብሎ ሲጽፍ ያንኑ መስቀል ይሠራል። ይህን የምንለው ለመመካት አይደለም፤ ቅርጽን የሚጠብቀው ዕድልና የጸሐፊ እጅ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የዕብራይስጥ ፊደል ተነባቢ ብቻ ስለሆነ የአናባቢው ነጥብ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው፤ ባለ ምሥጢሮቹም ፊደሉን ሥጋ፣ ነጥቡን ነፍስ አሉት። በእኛ አገር ግን ከ4ኛው መቶ ዓመት፣ ከንጉሥ ዔዛና ዘመን ጀምሮ አናባቢው ከፊደሉ እግርና ክንድ ጋር ተዋሕዷል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብለን እስከ ሳብዕ ስንቈጥር ነፍስና ሥጋን ለይተን አንቈጥርም።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ የፊደል ትርጓሜ በእኛም ዘንድ እንዳለ እናገኛለን። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ እያንዳንዱ ፊደል ስለ አብ ህላዌ፣ ስለ ወልድ ሥጋ መልበስ፣ ስለ ሕማሙና ስለ ትንሣኤው የሚያስተምር ቃል እንደሚወጣለት ያስታውሳል። ይህ ከድምፁ የሚነሣ እንጂ ከቅርጹ የሚነሣ አይደለም። ከዚህ የሚለየው የደብተራው ጥበብ ነው። በአውደ ነገሥት ሥርዐት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደሎች በቍጥር ተደምረው በ12 ይገደፋሉ፤ በቀረው ቍጥር ኮከቡ ይነገረዋል። የአይሁድ ባለ ቍጥሮች ከሚሠሩት ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ክታብም በታማሚው ቁመት ልክ በተቈረጠ ብራና ላይ ይጻፋል፤ ትልልቅ ዐይኖች ይሣሉበታል፤ ጫፋቸው በትንንሽ ክቦች የተዘጋ የማይነበቡ ፊደሎች ይደረደሩበታል፤ አዶናይና ኤልሻዳይ የሚሉ የዕብራይስጥ ስሞችም ይገቡበታል።

ከእነዚህ ስሞች ውስጥ አንዱ ታሪክ ሳይነገር ቢቀር ቅር ይለናል። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚባሉት የአምስቱ ቅንዋት ስሞች በአገራችን የታወቁ ናቸው። እነዚህ ቃላት የመጡት ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ከሚለው የላቲን የፊደል ካሬ ነው። አምስት ፊደል ያላቸው አምስት ቃላት በካሬ ሲጻፉ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ቢጀመሩ ያው ይነበባሉ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ79 በእሳተ ገሞራ ዐመድ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ወደ እኛ ሲደርስ ግን ካሬው ጠፋ፤ ቃላቱ ከግራም ከቀኝም አይነበቡም፤ ስማቸው ብቻ ተርፎ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው። ኀይሉ በቅርጹ ውስጥ ነበረ የሚል ሰው ካለ ቅርጹ ከጠፋ በኋላ ስሞቹ ለምን እንደ ተከበሩ ሊያስረዳን ይገባዋል።

ክታብን በሚመለከት አቋማችንን ግልጥ እናድርግ። የጥንት ክታብ በሙዚየም የሚቀመጥ የሥዕልና የጽሕፈት ቅርስ ነው፤ ሊጠናም ይገባል። ነገር ግን በምናውቀው አንድ ቤት ልጅ በትኵሳት ሲቃጠል ገንዘቡ ለክታብ ተከፍሎ ሐኪም ዘንድ የተሄደው በአራተኛው ቀን ነበር። ልጁ ተርፏል፤ ጆሮው ግን አልተመለሰም። እንዲህ ባለው ነገር ላይ ከጓደኛችን ጋር አንከራከርም።

አሁን ደግሞ የማሰብ ወጥመድ እንዴት እንደሚዘረጋ በራሳችን ላይ የደረሰውን እንናገር። የመጽሐፈ ፍጥረት ተርጓሚዎች 22ቱን ፊደሎች ሁለት ሁለት አድርገው ሲያጣምሯቸው 231 በሮች ይሆናሉ ይላሉ፤ ሒሳቡም ልክ ነው። የአማርኛ ፊደል እንደ ልማዱ ሲቈጠር 33 ነው፤ በሰባት ሲባዛ ይኸው 231 ይሆናል። ይህን ስናገኝ ማታ በላሊበላ ማረፊያችን ለጥቂት ጊዜ ልባችን ዘለለ ብንል ውሸት አይደለም። ጧት ግን ሲነጋ ነገሩ ፈረሰ። የግዕዙ ፊደል 26 ስለሆነ በሰባት ሲባዛ 182 ነው፤ አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘን የመሰሉትን ሰባት ፊደሎች የጨመረው ለራሱ ድምፅ ሲል ነው፤ ቨን ብንጨምር ደግሞ 238 ይሆናል። ሁለት ቍጥሮች በመንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም ተባባሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በጨርቅ ተሸፍኖ ስለሚኖረው፣ ያለፈውና የሚመጣው ተጽፎበታል ስለሚባለው ዐምድ ሲጠየቁ ካህናቱ ጨርቁ አይነሣም ብለው የሚያልፉት ከእኛ የማታ ሒሳብ የተሻለ ጥንቃቄ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ጓደኛችን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም ይጠረግ» ሲል አልተቀበልነውም። በፊደል የተመሰጡ ሰዎች ያገኙት ምሥጢር ባይኖርም የጠበቁት ነገር አለ። አይሁዳዊው ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢያጐድል ጥቅልሉ ለንባብ የማይበቃ ስለሚሆን እጁ ይጠነቀቃል። የእኛም ቍም ጸሐፊ እንደዚሁ ነበር። መሀረ በሀሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ ማለት ነው፤ መሐረ በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ ማለት ነው። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ግን የሌባ ሥራ ነው። ዓመት በዐይኑ ዐ ዘመን ነው፤ አመት በአልፉ አ ገረድ ናት። ዛሬ በአማርኛ ድምፁ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ከጆሮ ጠፍቷል፤ የቀረው በዐይን ብቻ ነው። ፊደሉ ሲቀነስ የቃሉ የትውልድ ሐረግ ያለ ምስክር ይቀራል።

መሣሪያው አይበቃም የሚለውም ምክንያት አርጅቷል። የጽሕፈት መኪና በነበረበት ጊዜ ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቍልፎች ላይ ማሳረፍ ከባድ ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1999 ወዲህ ግን ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ የራሱ ቍጥር አለው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሐንም ኀንም ያለ ድካም ይጽፋል፤ የምንሰንፈው እኛ ነን። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ፀሐፊ» የሚል ሰሌዳ በናስ ተቀርጾ አይተናል። ጽሕፈት በጸሎቱ ጸ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ምን ቸገረኝ ስለ ተባለ ነው።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጥን ተምረው፣ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አሰፉት፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። መጽሐፉ የሚሄደው በአበገደ ተራ ነው፤ አለቃም ቀዳማዊው ተራ ይህ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጠኑ ጥንታዊ ጽሕፈቶች ሀለሐመም ከአበገደ ጋር እኩል የቈየ መሆኑን አሳይተዋል፤ ከደቡብ ዐረብ ጽሕፈቶች ሌላ፣ ከክርስቶስ ልደት 1200 ዓመት ያህል በፊት በነበረ ዘመን በሶርያና በፍልስጥኤም አካባቢ በኵናት መሳይ ጽሕፈት የተጻፈ የዚሁ ተራ ዝርዝር ተገኝቷል። አለቃ በዚህ ነጥብ ቢሳሳቱም መዝገባቸው ዛሬም ከእጃችን አይለይም፤ ከፊደል ፍቅር የተነሣ ስሕተትና ከፊደል ፍቅር የተነሣ ዕውቀት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከእርሳቸው ተምረናል።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስን በኋላ ጓደኛችን እንዲያነበው ሰጠነው። በክታቡ ነገር ተስማማ፤ ስለ ፊደል መቀነስ ግን ገና አልተረታም፤ «ሚሊዮን ሕፃናት የሚያስተምር ሰው እንደ አንድ ቍም ጸሐፊ ሊያስብ አይችልም» አለን። ይህ ቀላል ክርክር ስላልሆነ በሌላ እሑድ እንመለስበታለን። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ስሕተት አሳየን። ነአኩቶ ለአብ ማለት አብን እናመሰግነዋለን ማለት ነው፤ ግሡም አእኰተ ስለሆነ በግዕዙ ሥርዐት ስሙ የሚጻፈው ነአኵቶ ተብሎ በኵ ነው። እኛ ግን የመንገዱን ሰሌዳ ተከትለን ከርእሱ ጀምሮ በኩ ጻፍነው። የደጁ ልጅ አይቶት ቢሆን ኖሮ ሳያርመን አያልፍም ነበር።